ያውቁ ኖሯል? ባጃጅ የቤተሰብ ስም ነው

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ «ባጃጅ!» ብለው ሲጣሩ የሚመጣልዎት ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ስሙን ያገኘው ከሕንዱ አምራች ከባጃጅ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ደግሞ በመሥራቾቹ ቤተሰብ ስም ይጠራል። ዛሬ ሌላ ፋብሪካ ቢሠራውም ለተሳፋሪው ያው ባጃጅ ነው።

• ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ የንግድ ስም ነበር። አሁን የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ይባላል፤ ማሩም አረቄውም በሃይላንድ ይሸጣል።

• የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በሕግ የተጠበቀን የንግድ ስም በትልቅ ፊደል፣ የጋራ ቃል የሆነውን በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ። አሜሪካ ውስጥ አስፒሪን በ1921፣ ኤስካሌተር በ1950፣ ቴርሞስ በ1963 እ.ኤ.አ. በተሰጡ ውሳኔዎች የጋራ ቃል መሆናቸው ታውቋል።

• የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ኩባንያውም ተሽከርካሪውም በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ። የሚለያቸው አገባቡ ነው፦ «ባጃጆች ተሰልፈዋል»፣ «ሁለት ሃይላንድ ማር»። እንዲህ የሚበዛና የሚቆጠር ከሆነ የተጸውዖ ስምነቱ ቀርቶ የወል ስም ሆኗል።

• የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1951፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ ባጃጅ በከተሞቻችን ገና አልነበረም።

የነገዎቹ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች እነዚህን ቃላት ሊያስገቧቸው ይገባል። ትልቅ ፊደል ባይኖረንም፣ ከፍቺው ጎን «ከንግድ ስም የመጣ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።