ግድቡን የሚገፋው የውሃው ብዛት ነው ወይስ ጥልቀቱ?

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህን የሰማ ሰው፣ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ኮንክሪት ያን ሁሉ ጎርፍ እንዴት ቻለው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ኮንክሪቱ ያን ሁሉ ውሃ አይሸከምም። በግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ግፊት የሚወስነው የውሃው ጥልቀት እንጂ ብዛቱ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1 ቶን ያሳርፋል፤ በ10 ሜትር 10 ቶን፣ በ100 ሜትር 100 ቶን ይሆናል። በራሳቸው ክብደት ውሃውን የሚቋቋሙት የስበት ግድቦች ከላይ ጠበው ከታች የሚሰፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ክብደት ወደ ታች ከሆነ፣ ውሃው ወደ ጎን የሚገፋው ለምንድን ነው? ድንጋይ ከላይ ቢጫኑት ቅርጹን ይዞ ይቆማል። ውሃ ግን በየአቅጣጫው ሊያመልጥ ይሞክራል፤ ስለዚህ ግፊቱ ወደ ታችም ወደ ጎንም ወደ ላይም እኩል ነው። በአንድ ጥልቀት ላይ ያሉ ሁለት ቦታዎች ግፊታቸው ቢበላለጥ ደግሞ፣ ውሃው ከበዛበት ወደ አነሰበት ይፈስ ነበር። ረግቶ ከቆመ ግፊቱ እኩል ነው ማለት ነው። ሐይቁ ወደ ኋላ 1 ኪሎ ሜትርም ይርዘም 100፣ በግድቡ ሥር ያለው ግፊት አይለወጥም።

የብሩዥ ከተማ ተወላጅ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ይህን በ1586 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል፦ ሰፊ በርሜልም ሆነ ቀጭን ቱቦ፣ የውሃው ከፍታ አንድ እስከሆነ ድረስ ከሥር ያለው ግፊት አንድ ነው።

ሕጉ ለየቤታችንም ይሠራል። ሻወሩ ሲደክምባቸው የ2,000 ሊትሩን ሮቶ በ5,000 የሚቀይሩ አሉ። ትልቁ ሮቶ ውሃው ቶሎ እንዳያልቅ ይረዳል፤ የውሃው ብዛት ብቻውን ግን ግፊት አይጨምርም። ከሻወሩ ራስ እስከ ውሃው ወለል ያለው ከፍታ ከ3 ወደ 6 ሜትር ቢያድግ ግን ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ የረጋ ውሃ ሒሳብ ነው፤ ቧንቧው ሲከፈትና ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ጠባብ ወይም የዛገ መስመር ከግፊቱ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሮቶው የተቀመጠበትን ማማ ከፍ ከማድረግ በፊት መስመሩን ማስፈተሽ ይበጃል።