በሁዳዴ የሚያልቅ መጽሐፍ

የመጽሐፍ ጠርዝ ብዙ ይናገራል። በብዙ እጅ ያለፈ ወፍራም ልቦለድ ተዘግቶ ከጎን ሲታይ፣ የተነበበው ክፍል ጠቁሮ ያልተነበበው ነጥቶ ይለያል። ጎጃም፣ መራዊ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው ባለሙያ የተመለሰ መጽሐፍ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ አንባቢው የት ላይ እንደቆመ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ያያል። የፊተኞቹ ገጾች ጠቁረዋል፣ መካከሉ ነጭ ነው፣ መጨረሻው እንደገና ጠቁሯል። አንባቢው የባለታሪኮቹ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ለማየት መካከሉን ዘሎታል።

ይኸው ነገር በየቤቱም አለ። በምረቃ ቀን በስጦታ የመጣ፣ ደረጃ ለወጣ ተማሪ የተሸለመ፣ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሲኬድ የተገዛ፣ እንዳይቆሽሽ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ። የቤቱ ሰው የደራሲውን ስም ያውቃል፣ ለእንግዳም ያሳያል፤ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ግን አላለፈም። የመጽሐፍ ዋጋ ከወር አስቤዛ ጋር በሚሻማበት ዘመን፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ሳይነበብ የተቀመጠ መጽሐፍ የቆመ ሀብት ነው።

ባለሙያው ከጥቂት መምህራንና ከቀድሞ ተማሪዎች ጋር በመስከረም ውል የገባው ለዚህ ነው። ውሉ አጭር ነው። የሚነበበው መጽሐፍ ቢያንስ ሁለት ዓመት በቤት የቆየ መሆን አለበት። እሱ ሳያልቅ ሌላ አይገዛም። በቀን 10 ገጽ ይነበባል፤ ያመለጠ ቀን ቢኖር በእሑድ ይካካሳል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው የንባብ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በመጽሐፍ ብዛት ነው። ሰዎች የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲገባ በዓመቱ 12፣ 24 ወይም 52 መጽሐፍ ለመጨረስ ቃል ይገባሉ። ብዛት ሲቆጠር ግን ሰው ሳያስበው ወደ ቀጫጭኑ ያዘነብላል፤ ወፍራሙ መጽሐፍ ደግሞ ለከርሞ ይተላለፋል። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየው መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ይኸው ወፍራሙ ነው። ስለዚህ የመራዊዎቹ ውል የመጽሐፍ ቁጥር የለበትም፤ የሚቆጠረው የዕለት ድርሻ ነው።

የዕለት ድርሻ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶች 150ውን መዝሙር በሳምንት የሚያደርሱት በቀን ተከፋፍሎ ስለተሰጣቸው ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ማንም ተነሥቶ ዛሬ ስንት ላንብብ አይልም፤ ቀኑ ራሱ ይነግረዋል። ስንክሳርም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ድረስ ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበብ ስላለው፣ ያ ሁሉ ብራና በዓመት ውስጥ ይዳረሳል። ግብረ ሕማማት ደግሞ ከቀንም አልፎ በሰዓት ተከፍሏል፤ በሰሙነ ሕማማት በየሰዓቱ የሚነበበው የታወቀ ነው። በጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሥርዓት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ባለሙያው ያደረገው ነገር ቢኖር ሥርዓቱን ወደ ልቦለድና ወደ ታሪክ መጽሐፍ ማምጣት ብቻ ነው።

ሒሳቡም ይገጥማል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን አለው። በቀን 10 ገጽ ያነበበ ሰው በሁዳዴ ውስጥ 550 ገጽ ይሄዳል፤ ሰኞ የጀመረው መጽሐፍ ለትንሣኤ ይደርሳል። አብዛኞቹ ውለኞች ይህን ጾም የመረጡት የጾሙ ቀን የራሱ ሥርዓት ስላለው ነው። ቁርስ የለም፣ ማለዳው ይረዝማል፣ ምሽቱም ጸጥ ይላል።

መጽሐፉን መጨረስ ለመራዊ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። በዛብህ የተወለደው ማንኩሳ ነው፤ ማንኩሳ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ አውቶቡስ በየቀኑ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን ተስለው የሰጡበት፣ እሱም ወደ ዲማ ሄዶ ቅኔ የተማረበት ታሪክ የዚሁ አገር ታሪክ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልቦለድ ውስጥ የሚያውቁትን ምድርና የሚያውቁትን ሰው ነው ያስገቡት።

ያ ነጭ ሆኖ የቀረው የመጽሐፉ መካከል ምን ይዟል? ከፍቅሩ ጎን ለጎን የሚሄደው ሌላው ታሪክ ያለው እዚያ ነው። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሩ ላይ የሚጭኑት ግዳጅ፣ ባላገሩ እምቢ ብሎ በአበጀ በለው መሪነት መነሣቱ፣ የጉዱ ካሣ ሙግት ከወገኖቹ ጋር፤ ይህን ያላነበበ ሰው የሁለት ወጣቶችን ሐዘን ብቻ ይዞ ይቀራል። ስለ ርስት፣ ስለ ጌታና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ዘር ቆጠራ የተጻፈውን ግን አላገኘውም። በውሉ ውስጥ ያሉ መምህራን በክፍል ሲያስተምሩት የኖሩት መጽሐፍ ሙሉውን ሲያነቡት አዲስ እንደሆነባቸው ይናገራሉ። ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ ቀንጭቦ የሚያገኘው ቁራጭ ይህን ሁሉ ሊሰጠው አይችልም።

ይህ ልቦለድ በድርሻ ሲዳረስ ግን ይህ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ጭምር ሬዲዮ ባለው ቤት ተሰብስቦ አድምጦታል። አድማጩ ያን ወፍራም መጽሐፍ እስከ መጨረሻው የተከታተለው በታወቀ ሰዓት፣ ተመጥኖ ስለቀረበለት ነው። የሰማውን በማግስቱ ከጎረቤቱ ጋር ያወራው ስለነበርም ነው።

ይህ ሁለተኛው ነገር፣ የተነበበውን ማውራቱ፣ ከመጀመሪያው አይተናነስም። ውለኞቹ በወር አንድ ጊዜ እንደ ማኅበር በተረኛ ቤት ይገናኛሉ። እያንዳንዱ እስከ ደረሰበት ያለውን በአፉ ይተርካል፤ ማንበብ የማይችሉ የቤቱ እናትም ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ ጥሩውን ጥያቄ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። መተረክ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ገጹን እያገላበጠ አያልፍም።

የአካባቢው የሥራ ወቅትም መታሰብ ነበረበት። መራዊ ባለችበት በሜጫ፣ የቆጋ መስኖ በመጣበት ቀበሌ በጋው እንደ ድሮው የዕረፍት ጊዜ አይደለም። ከመኸር በኋላ ስንዴው ይዘራል፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ይተከላል፣ ውኃ በተራ ይደርሳል፤ ወረፋው ሌሊት ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ በገጠር ያሉት ውለኞች የዕለቱን 10 ገጽ ትተው በዓሉን ያዙ። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሞፈር አይነሣም፤ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይነበባል። መጽሐፉ ዘግይቶ ያልቃል፤ ግን ያልቃል።

ያለፉት ዓመታትም ለዚህ ውል ምክንያት ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ከክፍል የራቀ ተማሪ በእጁ የነበረው ቤት ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻ ነበር። ባለሙያው በየመንደሩ ያለውን መጽሐፍ ማን ቤት ምን አለ እያለ መመዝገብ የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። በዝርዝሩ ላይ የበዛው ደግሞ የተጀመረና ያላለቀ ሆነ።

ሁሉም መጽሐፍ ማለቅ አለበት ወይ የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ክርክሩን አስነሥቷል። አጻጻፉ ጠጣር ነው፣ ባለታሪኮቹ በሐሳብ ይሟገታሉ፣ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ይጠፋበታል። ከውለኞቹ አንዱ አቋርጦት ለሌላው ሰጠው፤ የተቀበለው ሰው ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ እያነበበ ጨረሰው። ከዚህ በኋላ ውሉ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ 100 ገጽ ተሞክሮ አልሄድ ያለ መጽሐፍ ወደ መደርደሪያ አይመለስም፣ ለሚያነበው ይሰጣል። ባለሙያው ይህን ከመጨረስ አሳንሶ አያየውም። መጽሐፉ አንባቢ አግኝቷልና።

ለመጪው ዓመት የተያዙት ሁለት ናቸው። አንዱ የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ነው፤ ደራሲው ከራስ እምሩ ጋር በጣሊያን እጅ ወድቀው የታሰሩበትን ዘመን የጻፉበት። ሌላው የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። አቤ የመራዊ ጎረቤት የአቸፈር ልጅ ነው፤ መጽሐፉ በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ታግዶ ነበር። በከተማው በእጁ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የተገኘው ቅጂ ከቤት ቤት በተራ ይዞራል፤ ተራ የያዙት ስማቸውን በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ላይ ጽፈዋል፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላምም የጠየቁ አሉ።