ስድስተኛዋን ሙከራ የሚያውቃት ሰው

ጠጋ በሉማ፣ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ከማድሪድ ወጣ ብላ በምትገኘው ጓዳላሃራ ከተማ የዓለምን ምርጥ ስሉስ ዘላዮች የሚያሰለጥነው ሰው በስሉስ ዝላይ አይደለም ስም ያወጣው። ኩባዊው ኢቫን ፔድሮሶ ርዝመት ዘላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 የተካሄዱትን አራት የዓለም ሻምፒዮናዎች በተከታታይ ያሸነፈ።

በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ እኛ ገና የኃይሌና የቴርጋት ፍጻሜ ከዓይናችን አልጠፋም፤ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ አውስትራሊያዊው ጃይ ታውሪማ በወገኖቹ ፊት 8.49 ሜትር ዘሎ ይመራል። ለፔድሮሶ የቀረችው ስድስተኛዋ ሙከራ ብቻ ነች። 8.55! ስታዲየሙ ጭጭ አለ።

አሁን ተማሪዎቹን ቁጠሩልኝ። ፈረንሳዊው ቴዲ ታምጎ በ2013 ሞስኮ ላይ 18.04 የዘለለው በስድስተኛው ሙከራ ነው። ቬንዙዌላዊቷ ዩሊማር ሮሃስ ቶኪዮ ላይ 15.67፣ ቤልግሬድ ላይ 15.74 ስትዘል፣ ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰኖች የመጡት በስድስተኛው ነው። ቡዳፔስት 2023 ላይ ደግሞ ወርቁ ከእጇ ወጥቶ ሳለ በመጨረሻዋ ዝላይ 15.08 ዘላ ነጠቀች። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል፤ እኔ አላምንም። በዚያች ሰዓት እግር ዝሏል፣ መንደርደሪያው ተዛብቷል። አሰልጣኙ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ እግሯ ከመርገጫው ጣውላ ስንት ሴንቲሜትር እንደራቀ ዓይቶ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ማንም ይሰጣል፤ በዚያች ሙከራ ወርቅ ወስዶ የሚያውቅ ሰው ሲሰጠው ግን እምነቱ ሌላ ነው።

ሮሃስን እሱ ፈልጎ አላገኛትም። በፌስቡክ የጻፈችለት እሷ ናት።

ሁለቱን ያልተቆጠረ ውጤትም ያመሳስላቸዋል። ፔድሮሶ በ1995 የጣሊያኗ ተራራማ ከተማ ሴስትሪዬሬ ላይ 8.96 ዘሎ ነበር፤ ከማይክ ፓወል ክብረ ወሰን በ1 ሴንቲሜትር የሚበልጥ፣ ፌራሪ መኪና የሚያሸልም። ነገር ግን በነፋስ መለኪያው ፊት ሰው ቆሞ ታየ፤ ክብረ ወሰኑም ሳይጸድቅ ቀረ። በ2022 ደግሞ ሮሃስ በእሱው ስፖርት፣ በርዝመት ዝላይ፣ 6.93 ዘላ ለዓለም ሻምፒዮና የሚያበቃ ሚኒማ አሟላች ሲባል፣ ያጠለቀችው የስሉስ ዝላይ ጫማ ሆኖ ተገኘ፤ ሶሉ ያኔ ለርዝመት ዝላይ ከተፈቀደው ይልቅ ወፍራም ነበር። ውጤቱ ተሰረዘ። እንዲህ ያለው ስህተት ከዚያ ቤት መውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ፓሪስ 2024 ላይ ልማዱ ፈረሰ፦ ሌላው ተማሪው ጆርዳን ዲያዝ ወርቁን ያገኘው በመጀመሪያዋ ሙከራ ነው፤ 17.86፣ ከፔድሮ ፒቻርዶ በ2 ሴንቲሜትር በልጦ። ሦስተኛ የወጣው አንዲ ዲያዝ ነው። አንዱ የስፔንን፣ አንዱ የፖርቱጋልን፣ አንዱ የጣሊያንን ማሊያ ለብሷል። ሦስቱም የተወለዱት ኩባ ነው፤ ያን ማታ ሃቫና ውስጥ ምን እንደተባለ እናንተው ገምቱት።