ፒክአፕ መኪና ለቤት መብራት ይሆናል ወይ?

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬድዮ ከቀረበ ንግግር)

እርሳስና ወረቀት አቅርቡ። ዛሬ ከንባቡ ጋር ትንሽ ሒሳብ አለብን።

የምንነጋገረው ስለ ፒክአፕ መኪና ነው። ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ ያለው ማለት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ፒክአፕ የማያውቅ ሰው የለም። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበረው እሱ ነው። አትክልት ያመጣል። ሠርግ ሲኖር ድንኳንና ወንበር ያመላልሳል። ይኸው መኪና አንድ ሌላ ሥራም ይችላል፤ መብራት ሲሄድ ለቤት መብራት መስጠት። እንዲህ ያለ መኪና በግቢያችሁ ወይም በጎረቤት ካለ ምን ያህል ይረዳችኋል? የትኛው ዓይነት ይሻላል? ሰው ሳይጎዳስ እንዴት ይሠራል? ይህን እናያለን።

መብራት ሲሄድ ደጋ ላይ ሻማ ይለኮሳል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ይተኛል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ አላት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። «አቦ፣ ፋኑ ቆመ!» የሚለው ድምፅ ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ ይሰማል። ሕፃን ያለቅሳል። በሱቅ ፍሪጅ ያለው ወተት ይበላሻል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከወተትም የባሰ ጭንቀት አለበት። ኢንሱሊን የሚባለው መድኃኒት ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው።

«ታዲያ ትልቅ ግድብ ተሠርቶ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ወደ እናንተ ቤት የሚመጣው ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው። በመንገድ አንድ ምሰሶ ቢወድቅ፣ በሠፈር አንድ ትራንስፎርመር ቢቃጠል፣ ግድቡ ሞልቶም ቤት ይጨልማል።

እንግዲህ ወደ ሒሳባችን እንግባ። በፍሪጃችሁ ጀርባ ወይም በውስጡ ጎን አንድ ትንሽ ሰሌዳ አለ። ቁጥሮች ተጽፈውበታል። ከአንዱ ቁጥር አጠገብ የእኛን «ሠ» የሚመስል የውጭ ፊደል ታያላችሁ። ይህ «ዋት» ማለት ነው። ዋት፣ ዕቃው በሚሠራበት ጊዜ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ይነግረናል። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ዕቃው ብዙ ይስባል።

ቆጣቢው አዲስ አምፖል 9 ዋት ያህል ነው። የሚቆም ፋን 50 ያህል። የቤት ፍሪጅ ሲሠራ ከ100 እስከ 150። ካውያ 1,000 እና ከዚያ በላይ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 እና ከዚያ በላይ! ምጣዱን ከዛሬው ጨዋታ አውጡት። መብራት በሄደ ቀን እንጀራው በእንጨት ይጋገራል ወይም ከሱቅ ይገዛል።

አሁን ወደ መኪናው። በከተማችን የምናውቃቸው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ፣ አይሱዙ ዲማክስ፣ አብዛኞቹ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። ሃይሉክስ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩም ጋቢናውም ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ግን ያው 12 ቮልት ነው። ስለዚህ ለቤት መብራት ከሆነ፣ በአሮጌውና በአዲሱ የናፍጣ ፒክአፕ መካከል ያለው ልዩነት ዋጋቸው እንደሚለያየው አይደለም።

በባትሪው ላይ 70 የሚል ቁጥር አለ እንበል። 70 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። 12 ጊዜ 70 ስንት ነው? ጻፉት። 840 ይሆናል። ይህ ማለት ባትሪው ሙሉ ከሆነ 84 ዋት የሚስቡ ዕቃዎችን ለ10 ሰዓት ያቆያል ማለት ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ባትሪውን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ጠዋት መኪናው እምቢ ይላል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው። ደጋግሞ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 840ን ለሁለት አካፍሉ፤ 420።

ገና አልጨረስንም። የቤት ዕቃችን የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። ባትሪው ያለው 12። 12ቱን ወደ 220 የሚቀይር ዕቃ በመካከል መግባት አለበት፤ ኢንቨርተር ይባላል። እሱም ደላላ ነውና ድርሻውን ይወስዳል፤ ከአሥር አንድ እጅ ያህል። ከ420 ላይ 42 ሲነሳ 378 ይቀራል። አንድ ፋን 50፣ ሦስት አምፖል 27፣ አንድ የስልክ ቻርጀር 7፤ ድምሩ 84። 378ን ለ84 ብናካፍል አራት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የበራው እስከ 4 ሰዓት ተኩል ቆየ ማለት ነው። ልጆቹ አጥንተው ተኝተዋል፤ ምሽቱም ትንሽ በርዷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍሪጅ ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። የፍሪጅ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ይስባል። 300 ዋት የሚል ትንሽ ኢንቨርተር ይጮህና ይዘጋል። 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ያስፈልጋል። በጣም ርካሹ ዓይነት ደግሞ ሸካራ ኤሌክትሪክ ነው የሚሰጠው። ሞተር ያለው ዕቃ በእሱ ሲሠራ ያጓራል፣ ይግላል። ሲገዙ ለፍሪጅ የሚሆን መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

ኢንቨርተሩም ቢሆን ከባትሪው አጠገብ፣ በወፍራምና በአጭር ሽቦ፣ ፊውዝ ገብቶበት ነው የሚታሰረው። 500 ዋት ከ12 ቮልት ሲሳብ በሽቦው ውስጥ ከ40 አምፔር በላይ ያልፋል። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ጋቢና ውስጥ ያለው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ከ120 እስከ 180 ዋት ያህል ነው የሚችለው። ለስልክና ለአምፖል ይበቃል። ፍሪጅ አይሰካበትም።

ፍሪጁ እንዲሠራ መኪናው መነሳት አለበት። በሚኒሞ፣ ማለት ሳይነዳ ቆሞ ሲሠራ፣ ዲናሞው 500 ዋት ያህል ሊሰጥ ይችላል። ለዚህም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ናፍጣ ይሄዳል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ለአንድ እንግዳ በሬ እንደ ማረድ ነው። ትንሽ ጀነሬተር በዚያው ነዳጅ ብዙ እጥፍ ይሠራል። ደግሞ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ መብራት እንደ ሄደ ወደ መኪና አትሩጡ። ፍሪጁን ዝጉ። ልጆችም ውሃ እያሉ እንዳይከፍቱት ንገሯቸው። ኢንሱሊን ካለ ወደ በረዶ ቤቱ አታስጠጉት፤ በረዶ ከሆነ ይበላሻል።

መኪናው የግድ መነሳት ካለበት አንድ ነገር ስሙ። ከማርሚታው ከሚወጣው ጭስ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ። አይታይም፣ አይሸትም። በዝግ ቤት ውስጥ ያደረ የከሰል ማንደጃ ሰው ሲገድል ሰምታችኋል፤ የሚገድለው ይኸው ነው። በመጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ቀጥሎ እንቅልፍ ይመጣል። የተኛ ሰው አይነቃም። «እኛ መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው» ትሉ ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ አደጋው እዚህ ላይ ነው! መኪናው ከመስኮቱ ሥር ከቆመ፣ የተከፈተው መስኮት ለመርዙ በር ይሆናል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የጭስ መውጫው ከእናንተም ከጎረቤትም መስኮት ይራቅ፣ ፊቱንም ያዙር። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ወይም በግንብ በተዘጋ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሞተር አይነሳ። ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላማ ፈጽሞ።

አዲሶቹ ፒክአፖች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ከባድ ብርድ መጥቶ መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ፎርድ ኤፍ 150 የሚባል፣ በቤንዚንና በባትሪ የሚሠራ ፒክአፕ ያላቸው ሰዎች ከመኪናው ሶኬት ገመድ ዘርግተው ቤታቸውን አበሩ። መኪናው እስከ 7,200 ዋት ይሰጥ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራው ላይትኒንግ ለገበያ ቀረበ፤ እሱ እስከ 9,600 ዋት። የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሻርክ የተባለ ፒክአፕ ደግሞ ነዳጅም ባትሪም አለው፤ 6,600 ዋት ይሰጣል። ባትሪው 29,600 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእኛን 840 አስታውሱ። 35 እጥፍ ነው!

አንድ ቤት በቀን ፍሪጅ፣ ፋን፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ቢያሠራ 2,400 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ባትሪ ምጣድና ካውያ ካልተነካ አንድ ሳምንት ያህል ያቆያል፤ ለመንጃም ይተርፋል። በአገራችን በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ከእንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ያለ ዘመድ መኪና ልላክ ቢል፣ የዚያ አገር መኪና ተራ ሶኬት 120 ቮልት ነው። የእኛ ፍሪጅ 220 ነው፤ አይግባቡም። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና ራሱ የሚሞላው ከዚያው ከሄደው መብራት ነው። መብራት ለቀናት ከጠፋ እሱም ይተኛል። ምርጫ ካለ፣ ነዳጅም ባትሪም ያለው ለእንደኛ ዓይነቱ ከተማ ይሻላል። ማናቸውም ቢሆን ባትሪው እስከ ታች አይሟጠጥ። ሌሊት ምጥ የያዛት እህት ብትኖር ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የሚወስዳት ይኸው መኪና ነው። ለመብራት ሲባል ብቻ ፒክአፕ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። መኪና የሌለው ሰው በጣራው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ከትንሽ ባትሪ ጋር ቢያስገባ ይበቃዋል። ፀሐይ እንደሆነ ድሬዳዋ ላይ አልጠፋም።

መኪናውን ከቤቱ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው ሰው የሚሞተው። አንዳንዱ ሁለት ጫፉም ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ያሠራል። አንዱን ጫፍ መኪናው ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ ይሰካል። ቤቱ በሙሉ ይበራል፤ ደስ ይላል። ኤሌክትሪኩ ግን እዚያ አይቆምም። በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ ሽቦ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ይደርሳል። ትራንስፎርመር በደህና ቀን 15,000 ቮልቱን ወደ 220 ያወርድልናል። ከታች ወደ ላይ ከተገፋ ደግሞ 220ውን ወደ 15,000 ያወጣዋል። በዚያን ሰዓት የመብራት ኃይል ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ሽቦው ሞቷል ብሎ ነው የሚይዘው። የእናንተኑ መብራት ሊመልስ ወጥቶ በእናንተ መኪና ይሞታል።

«ዋናውን ብሬከር አጠፋለሁ» የሚል አለ። በጨለማ፣ በሙቀት፣ ልጅ እያለቀሰ፣ አንድ ቀን ይረሳል። ገመዱ ከግድግዳው ቢወልቅ ደግሞ ጫፉ ኤሌክትሪክ ይዞ መሬት ይወድቃል፤ መጀመሪያ የሚያነሳው ሕፃን ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። ወይ ፋኑንና ፍሪጁን ከግድግዳው ነቅሎ፣ በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከመኪናው ወይም ከኢንቨርተሩ ጋር ማገናኘት። ወይ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን ማዞሪያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ማስገባት። ይህ ማዞሪያ ወደ መኪናው ሲዞር የመንገዱን መስመር የግድ ይቆርጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መክፈት አይቻልም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በአንዲት እናት ቤት 120 ዋት ፍሪጅ፣ እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሆኑ ሁለት ፋኖች፣ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች፣ 80 ዋት ቴሌቪዥን አለ። የጎረቤቷ ሃይሉክስ ያለ ሞተር 378 ዋት ሰዓት ይሰጣታል። ሁሉንም አንድ ላይ ካበራች ስንት ሰዓት ይቆይላታል? ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለልጆቿ ነፋስና ብርሃን እንዲኖር ከፈለገችስ፣ የትኞቹን ታጥፋ? ደምሩ፣ አካፍሉ፣ በወረቀታችሁ ላይ ጻፉና ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ።