ዛፉ ቆሞ ወፉ ሲሄድ፦ በከተማ አጥቢያዎች ደን የዱር እንስሳትን መቁጠርና መከታተል

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በቅጥሯ ውስጥ ሀገር በቀል ዛፎችን ጠብቃ በማቆየቷ ስሟ በተመራማሪዎች ዘንድ በበጎ ይነሣል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ላይ ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ዛሬ ስለ እነዚህ ደኖች በማስረጃ መናገር የሚቻለው ዛፎቹ በየስማቸው ተለይተው ስለተቆጠሩ ነው። በዛፎቹ ላይ ስለሚያድሩት አዕዋፍና በሥራቸው ስለሚመላለሱት እንስሳት ግን በአጥቢያዎቻችን መዝገብ ውስጥ የተጻፈ ነገር ማግኘት ያዳግታል። ይህ ጽሑፍ አንድ የከተማ አጥቢያ ባለው የሰው ኃይል ይህን ጉድለት እንዴት ሊሞላ እንደሚችል፣ መሙላቱስ ለምን እንደሚያስፈልግ ያብራራል።

የከተማ ቅጥር ለምን የተለየ ትኩረት ይሻል?

ከተማ ሲሰፋ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሕንፃና በአስፋልት መካከል እንደ ደሴት ይቀራል። አዲስ አበባን ለአብነት እንውሰድ። ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ተመናምኗል፤ በምትኩም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ተስፋፍቷል። በዚህ የተነሣ ያረጁ የጽድ፣ የወይራና የዝግባ ዛፎች ያሉት ቅጥር፣ ስፋቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ ሌላ መጠጊያ ላጡ ፍጥረታት ማደሪያ ነው።

በከፍተኛው ምድር በሚገኙ ከተሞቻችን ከእነዚህ ፍጥረታት አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ ሀገር አይገኙም። በንጋት በጩኸቱ የሚታወቀው፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት ጋጋኖ አንዱ ነው፤ በዛፍ ሽንቁር የምትራባው፣ ክንፏ ጥቁር የሆነው ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን ሌላዋ ናት። በረጃጅም ዛፎች ላይ ጎጆውን የሚሠራውን ትንሹን ጥንብ አንሳ ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል መድቦታል። ከአጥቢ እንስሳትም እንደየአካባቢው ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ ሸለምጥማጥ፣ ጃርትና የሌሊት ወፍ በቅጥር ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ይገኛሉ።

ፍጥረታቱ ከሌሉ ደኑም አይታደስም። የወይራ፣ የጽድና የሾላ ፍሬን የሚበሉ አዕዋፍና እንስሳት ዘሩን ተሸክመው ከእናት ዛፉ ርቆ እንዲወድቅና እንዲበቅል ያደርጋሉ። ዘሩን የሚያደርሱት ሲጠፉ የቆመው ዛፍ ዕድሜውን እስኪጨርስ ይቆማል እንጂ ተተኪው በየስፍራው አይበቅልም። ከሩቅ ለሚያየው ቅጥሩ እንደ ቀድሞው አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን ልጅ እንደሌለው ቤት ፍጻሜው ቀርቧል። ይህን ለውጥ በዓይን ግምት ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው በቆጠራ ነው።

ቆጠራ ምንድን ነው? ክትትልስ?

ቆጠራ ማለት በአንድ ወቅት በቅጥሩ ውስጥ ምን ምን ዓይነት ፍጥረት እንዳለ መመዝገብ ነው። ክትትል ማለት ደግሞ ይህንኑ ቆጠራ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ወቅትና በተመሳሳይ ሰዓት በየዓመቱ መድገም ነው። ዋናው ቁም ነገር “በተመሳሳይ መንገድ” የሚለው ነው። ለምሳሌ አንድ አጥቢያ በመጀመሪያው ዓመት በ3 ጠዋቶች 22 ዓይነት ወፍ፣ በሁለተኛው ዓመት በ6 ጠዋቶች 26 ዓይነት ወፍ ቢመዘግብ ወፎቹ በዙ ማለት አይቻልም፤ የበዛው የቆጠራው ድካም ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ከተገኘው ቁጥር ጋር ስንት ጠዋት፣ ስንት ደቂቃና ስንት ሰው እንደተሰማራ አብሮ ይጻፍ።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ቦታውን መወሰን። ቅጥሩ ከ2 ሄክታር ያነሰ ከሆነ አንድ ቋሚ የእግር መንገድ መርጦ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተራመዱ የታየውንና የተሰማውን መመዝገብ ይበቃል። ቅጥሩ ሰፊ ከሆነ ቢያንስ 200 ሜትር የሚራራቁ ነጥቦችን ምልክት አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ 10 ደቂቃ ጸጥ ብሎ ቆሞ መቁጠር ይሻላል። ርቀቱ ያስፈለገው አንዱን ወፍ ሁለት ጊዜ እንዳንቆጥር ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን መወሰን። አዕዋፍ ይበልጥ የሚንቀሳቀሱትና የሚጮኹት በማለዳ በመሆኑ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ያለው ሰዓት ተመራጭ ነው። በዓመት ሁለት ወቅት፣ በእያንዳንዱም ወቅት 4 ጠዋት መቁጠር ጥሩ ጅምር ነው። አንዱ ወቅት ጥር ወይም የካቲት ቢሆን የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ወደ ሀገራችን የሚመጡት አዕዋፍ ይገኛሉ፤ ሌላው በሰኔ ቢሆን እነርሱ ተመልሰው ስለሚሄዱ ነዋሪዎቹ ለብቻቸው ይታያሉ። የእኛን ቅጥር በተመለከተ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በሰንበት፣ በዓመታዊው የንግሥ በዓልና በታቦቱ ወርኀዊ በዓል ቀን አይቆጠር። የሕዝቡ ብዛትና የድምፅ ማጉያው ወፎቹን ያሸሻል፤ ድምፃቸውንም ይውጣል። ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ጠዋትም ቆጠራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

ሦስተኛ፣ ቆጣሪዎችን መምረጥ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፤ ከተቻለ በየዓመቱ እነዚያው ይሁኑ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ ይጽፋል፤ ሌሎቹ ያያሉ፣ ያዳምጣሉ። የአብነት ተማሪዎችና የቅጥሩ ጥበቃዎች ሌሊትም ቀንም በስፍራው ስለሚገኙ ጅብ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ጉጉት የት እንደምትጮኽ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ባለ ሁለት ዓይን ማጉያ መነጽርና የአዕዋፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ቢገኙ ሥራውን ያቀልላሉ። የአንድ ወፍ ስም ካልታወቀ ግምት ከመጻፍ ይልቅ “ያልታወቀ” ብሎ መጠኑን፣ ቀለሙንና የመንቆሩን ቅርጽ መግለጽ፣ ቢቻልም ፎቶ ማንሣት ይገባል። ስሙን በኋላ ባለሙያ ሊያርመው ይችላል፤ የተሳሳተ ስም ግን መዝገቡን ያበላሻል።

አራተኛ፣ ሌሊት የሚንቀሳቀሱትን በምልክታቸው መለየት። ሸለምጥማጥ፣ ጥርኝ፣ ጃርትና ጅብ በማለዳ ቆጠራ አይገኙም። ዱካቸው፣ ኩሳቸው፣ የጃርት እሾኽና የተቆፈረ መሬት ግን ይመሰክራሉ። እንስሳ በፊቱ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራም አለ። ይህ ካሜራ በቅጥራችን ውስጥ ሲተከል የሚጸልዩ ምእመናንንና የጠበል ተጠማቂዎችን እንዳያነሣ ሥፍራው ከአስተዳዳሪው ጋር ተመካክሮ ይመረጥ፤ ሰው የታየበት ፎቶም ወዲያው ይሰረዝ። የሌሊት ወፎችን በእጅ መያዝ ለጤና ስለሚያሰጋ ከሩቅ መመልከት ብቻ ይፈቀድ።

መዝገቡ ምን ይይዛል?

አንድ ጠንካራ ደብተር ይበቃል። በእያንዳንዱ ቆጠራ ቀኑ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የቆጣሪዎቹ ስም፣ የፍጥረቱ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የታወቀው በማየት ነው ወይስ በድምፅ ወይስ በዱካ የሚለው፣ እንዲሁም ምን ሲያደርግ እንደተገኘ ይጻፋል። ወፎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚዘዋወሩ በተለያየ ቅጽበት የታዩትን ከመደመር ይልቅ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩትን ከፍተኛ ቁጥር መያዝ ይሻላል። በደብተሩ መጨረሻ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ በቅጥሩ ላይ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ይመዝገብ፦ የተቆረጠ ዛፍ፣ የተተከለ ችግኝ፣ የተሠራ ሕንፃ፣ የተመነጠረ ቁጥቋጦ። የፍጥረታቱን መቀነስ ከምክንያቱ ጋር ለማገናዘብ የሚያስችለው ይህ ገጽ ነው።

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

የአንድ ዓመት ቆጠራ መነሻ ነው፤ ፍርድ አይሰጥበትም። አንድ ፍጥረት አለመታየቱም ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። አስተማማኙ ንባብ “ከተቆጠረባቸው ጠዋቶች ውስጥ በስንቱ ተገኘ?” የሚለው ነው። ለምሳሌ ግንደ ቆርቁር በመጀመሪያው ዓመት ከ8 ጠዋቶች በ7ቱ፣ በሁለተኛው በ5ቱ፣ በሦስተኛው በ2ቱ ብቻ ቢገኝ የሰበካ ጉባኤው ቆም ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። የለውጡን ገጽ ሲገልጥ በመካከሉ ሁለት የደረቁ ዛፎች እንደተቆረጡ ሊያይ ይችላል። ግንደ ቆርቁር ጎጆውን የሚቦረቡረው በደረቀ ወይም በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ነውና፣ ለእኛ “የማይጠቅም” የመሰለን ዛፍ ለእርሱ ቤቱ ነበር። እርሱ የተወውን ሽንቁር ሌሎች ወፎችም ይወርሱታል።

ለሰበካ ጉባኤ ውሳኔ ያለው ጥቅም

አጥቢያዎቻችን ችግር አለባቸው፤ አዳራሽ፣ የአብነት ትምህርት ቤት፣ ለካህናት ደመወዝ የሚሆን ገቢ የሚያስገኝ ሱቅ ያስፈልጋቸዋል። ቆጠራው ልማትን ለመከልከል አይደለም፤ ልማቱ የት ቢሆን ጉዳቱ እንደሚያንስ ለማሳየት ነው። መዝገብ ያለው ኮሚቴ አዳራሹን ጎጆ ከበዛበት ጥግ አርቆ በገላጣው በኩል ሊያቅድ ይችላል። ለሰው አደጋ የማያመጣውን ሽንቁር ያለውን አሮጌ ዛፍ ይተወዋል፤ ቁጥቋጦውንም ለጽዳት ሲባል ሁሉንም ከመመንጠር ይልቅ ከፊሉን ለመጠጊያ ያቆያል። አይጥን ወይም ባለቤት የሌለውን ውሻ ለማጥፋት መርዝ ይደረግ የሚል አሳብ ሲቀርብም፣ የተመረዘውን ሥጋ የሚበላው ጥንብ አንሳና ጉጉትም አብረው እንደሚሞቱ አውቆ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ለማንኛውም ደጋፊ አካል የሚቀርብ የችግኝ ወይም የአጥር ፕሮጀክትም መነሻ ቁጥር ከሌለው ውጤቱን ማሳየት አይችልም። “ደናችን ለብዙ ፍጥረታት መጠለያ ነው” ከሚል ጥቅል ዓረፍተ ነገር ይልቅ የሦስት ዓመት ደብተር ይበልጥ ያሳምናል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ የብርቅዬ ወፍ ጎጆ ያለበት ትክክለኛ ሥፍራ በአደባባይ እንዳይነገር።

እንግዲህ እያንዳንዱ የሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ነገሮችን ቢወስን ሥራው ተጀመረ ማለት ነው፦ ቆጣሪዎችን መሰየም፣ የመጀመሪያዎቹን 4 ጠዋቶች መቁረጥ፣ ደብተሩም ከአጥቢያው ቋሚ መዛግብት ጋር በጽሕፈት ቤቱ እንዲቀመጥ ማዘዝ። ቆጣሪው ቢቀየር፣ አስተዳዳሪው ቢዛወር መዝገቡ ለተተኪው ይቆያል። ለአዳም እንስሳትን በየስማቸው እንዲጠራ ኃላፊነት እንደተሰጠው እናስተምራለን፤ በቅጥራችን ተጠግተው የሚኖሩትን በስማቸው ማወቅም የዚያው አደራ ክፍል ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።