ኮምፒውተራችን በአየር ላይ ከማን ጋር ተገናኝቷል? ዋይፋይን በትእዛዝ መስመር መቆጣጠር

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ለደኅንነቱ ሲባል በመዝገቡ ላይ የሰፈረው በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ ነበር። እንደ አቤቱታው ከሆነ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ከኦክቶበር 2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ድረስ በቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቆ የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳ፣ የቤተሰቡንም የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ሲከታተል ቆይቷል። ሶፍትዌሩ የገባው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ በደረሰው የዎርድ ሰነድ ሲሆን፣ የሰበሰበውን ይልክ የነበረው ኢትዮጵያ ውስጥ ወደሚገኝ ሰርቨር ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለም በማለት፣ የውጭ መንግሥታት ያላቸውን ያለመከሰስ መብት ጠቅሶ ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል።

የሕጉ ክርክር በዚህ ቢቋጭም ቴክኒካዊው ጥያቄ ግን በየቤታችን አለ። ኮምፒውተራችን አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ከማን ጋር ተገናኝቷል? በስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየው የዋይፋይ ምልክት የምትነግረን ግንኙነት መኖሩንና የሞገዱን ጥንካሬ ብቻ ነው። ከየትኛው መሣሪያ ጋር እንደተገናኘን፣ ምን ዓይነት ምስጠራ እንደሚጠብቀንና ኮምፒውተሩ የትኞቹን ኔትወርኮች እንደሚያስታውስ በዝርዝር ለማየት ቀጥተኛው መንገድ የትእዛዝ መስመር ነው።

የትእዛዝ መስመር ማለት ሥዕልና ቁልፍ ሳንጫን፣ ለኮምፒውተሩ የምንፈልገውን በጽሑፍ የምናዝበት መስኮት ነው። በዊንዶውስ «ኮማንድ ፕሮምፕት»፣ በሊኑክስና በማክ ደግሞ «ተርሚናል» ይባላል። ከዚህ በታች ትእዛዞቹን በንባባቸው አቅርበናቸዋል፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋሉ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «ኔትኤስኤች ደብሊውላን ሾው ኢንተርፌስስ» ነው። በመልሱ ውስጥ አራት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛው የኔትወርኩ ስም ነው። ሁለተኛው ሞገዱን የሚያሠራጨው መሣሪያ አድራሻ ሲሆን፣ በስድስት ጥንድ ቁጥሮችና ፊደላት ይጻፋል። ሦስተኛው የማረጋገጫና የምስጠራ ዓይነት ነው። አራተኛው የሞገዱ ጥንካሬ በመቶኛ ነው። በቅርብ ጊዜዎቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች ትእዛዙ መልስ የሚሰጠው የአካባቢ መለያ ፈቃድ ሲበራ ነው። ምክንያቱም የመሣሪያው አድራሻ በራሱ ያለንበትን ቦታ ሊጠቁም ይችላል።

ስሙ ብቻውን ለምን አይበቃም? የዋይፋይ ስም የማንም ንብረት ስላልሆነ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኙት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ አጠገባችን ያለ ሰው በራሱ መሣሪያ የካፌውን ኔትወርክ ስም አስመስሎ ማሠራጨት ይችላል። ኔትወርኩ የይለፍ ቃል የሌለው ከሆነ ላፕቶፓችን ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ሞገዱ የበረታውን ይመርጣል። የይለፍ ቃል ያለው ከሆነ ግን መሣሪያዎቹ ቃሉን ማወቃቸውን እርስ በርስ ያረጋግጣሉ፤ ቃሉን የማያውቅ አስመሳይ በዚህ ይወድቃል። የካፌው የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ እምብዛም አይረዳም። በምስጠራው ረድፍ «ኦፕን» ወይም «ደብሊውኢፒ» የሚል ካየንም ልንጠነቀቅ ይገባል፤ የሁለተኛው ምስጠራ ድክመት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የታወቀ ነው። «ደብሊውፒኤ 2» እና እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው «ደብሊውፒኤ 3» የተሻሉ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ምን ያስታውሳል የሚለው ነው። «ኔትኤስኤች ደብሊውላን ሾው ፕሮፋይልስ» ስንል ከዚህ ቀደም የተገናኘንባቸው ኔትወርኮች ይዘረዘራሉ፤ ሆቴሉ፣ አየር ማረፊያው፣ የዘመድ ቤት ሁሉ። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ አንዱን ሲያገኝ ሳይጠይቀን ሊገናኝ ይችላል። የማንፈልገውን «ኔትኤስኤች ደብሊውላን ዲሊት ፕሮፋይል» ብለን ስሙን በማስከተል እንሰርዛለን። ይህ በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ አገር ቤት ላለ ዘመድ ስንልክ አይዘነጋ። የተቀመጡት የይለፍ ቃላት ኮምፒውተሩን የማዘዝ ሙሉ ሥልጣን ላለው ሰው በግልጽ ጽሑፍ ይታያሉና፣ ላፕቶፑን የምንሰጠው የቤታችንንም ቁልፍ ጨምረን ነው።

ለተቀባዩም የሚጠቅም ትእዛዝ አለ። አገር ቤት ብዙ ሰው ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው በስልኩ ዳታ ነው። ኔትወርኩ «የሚከፈልበት» ተብሎ ካልተመዘገበ፣ ዊንዶውስ ከበስተጀርባ ግዙፍ ማሻሻያዎችን እያወረደ የተገዛውን ጥቅል ሊጨርሰው ይችላል። «ኔትኤስኤች ደብሊውላን ሴት ፕሮፋይልፓራሜተር» ብለን፣ የኔትወርኩን ስም አስከትለን፣ የ«ኮስት» ዋጋውን «ፊክስድ» ስናደርገው አብዛኛው የማሻሻያ ማውረድ ይገታል።

በሊኑክስ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው «ኔትወርክ ማኔጀር» የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ማዘዣው በአምስት ፊደላት «ኤን፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ» ተብሎ ይጻፋል። ከእሱ ቀጥሎ «ዲቫይስ ዋይፋይ ሊስት» ሲባል በአካባቢው ያሉት ኔትወርኮች ከነምስጠራቸው፣ «ኮኔክሽን ሾው» ሲባል ደግሞ የተቀመጡት ይዘረዘራሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ሲልቨር ስፕሪንጉ መዝገብ ይመልሰናል። የዋይፋይ ምስጠራ የሚጠብቀው በላፕቶፑና በቤታችን የዋይፋይ መሣሪያ መካከል ያለውን የአየር ጉዞ ብቻ ነው። ፊንስፓይ ግን የገባው በአየሩ በኩል አይደለም፤ በራሱ በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ በተከፈተ ሰነድ አማካይነት ነው። ጠላፊው ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ የበሩ ጥንካሬ ትርጉም የለውም።

ኮምፒውተሩ ወደ ውጭ ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚያሳየው ትእዛዝ «ኔትስታት» ነው። ከሰረዝ በኋላ «ኤ»፣ «ኤን» እና «ኦ» የሚሉት ፊደላት ሲጨመሩ፣ እያንዳንዱ ግንኙነት ከሩቁ ኮምፒውተር አድራሻና ግንኙነቱን ከከፈተው ፕሮግራም መለያ ቁጥር ጋር ይዘረዘራል። ቁጥሩን በዊንዶውስ «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ ፈልገን የፕሮግራሙን ስም እናገኛለን። ኢንተርኔት የሚጠቀሙትን ፕሮግራሞች ሁሉ ዘግተንም ከማናውቀው አድራሻ ጋር የሚነጋገር ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይሁንና ዝርዝሩን ስናነብ ጥንቃቄ ያሻል። ጤናማ ፕሮግራሞችም ማሻሻያ ለመፈለግ ወደ ብዙ አድራሻ ይደውላሉ፤ በአንጻሩ ረቂቅ የስለላ ሶፍትዌር ራሱን ከዝርዝሩ ሊሰውር ይችላል። ስለዚህ አጠራጣሪ ነገር አለመታየቱ ለንጽሕና ማረጋገጫ አይሆንም። ጋዜጠኞች፣ የመብት ተሟጋቾችና የፖለቲካ ተሳታፊዎች ጥርጣሬ ሲያድርባቸው ሶፍትዌሩን ለማጥፋት ከመሮጥ ይልቅ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ አላቅቀው ለባለሙያ ማሳየት ይበጃቸዋል። የኪዳኔ ክስ የተመሠረተው በኮምፒውተሩ ውስጥ ተርፎ በተገኘው የሶፍትዌሩ አሻራ ላይ ነበርና፤ አሻራው ተደምስሶ ቢሆን ኖሮ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም ነበር።