በበረዶ ላይ ለሚንሸራተት ጋሪ መሪ ስለ ማበጀት

በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ በረዶ ጋሪ ተጽፎ ሲያይ «እኛ በረዶውን ከየት አምጥተን ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ እውነት ነው፤ እኛ በረዶ የምንለው በክረምት ከቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደ ጠጠር የሚንኳኳውን ነው። ይኸኛው ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ሌሊቱን ሙሉ እየረገፈ ሜዳውንና ኰረብታውን የሚያለብሰው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ በረዶ ነው። ሆኖም ጥያቄው የሜካኒክስ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ በረዶ ረግጦ ለማያውቅም ተማሪ ቢሆን ጨዋታም ትምህርትም ይሆነዋል። ጥያቄውም ይኸ ነው፤ ስሌድ የሚባለው መንኰራኵር የሌለው ጋሪ ቁልቁል እየከነፈ ሳለ በምን ዘዴ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይታጠፋል?

ከምናውቀው እንነሣ። በከተማችን ቁልቁለቶች ልጆች ከሳንቃና ከአሮጌ ኩሽኔታ የሚሠሩትን ጋሪ ብዙዎቻችን አይተናል፤ የነዳንም አለን። የፊቱ አግዳሚ እንጨት መካከሉ ላይ በአንድ ብሎን ብቻ ይያዝና ልጁ በእግሩ እየገፋ ወደ ፈለገበት ያዞረዋል፤ ጋሪውም ይታዘዛል። የሚታዘዘው ኩሽኔታ ወደ ፊት በቀላሉ ስለሚሽከረከር፣ ወደ ጎን ግን አልሄድም ስለሚል ነው። አሁን ኩሽኔታዎቹን ነቅለን በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች ከሥሩ እንግጠምና በበረዶ ላይ እናስቀምጠው። ብረቶቹ በረዶውን ሰርስረው ለራሳቸው ቦይ ያወጣሉ፤ ቦዩም እንደ ባቡር ሐዲድ ይይዛቸዋል። ሐዲዱ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ጋሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዛፍም ቢመጣ፣ አጥርም ቢመጣ፣ ሰውም ቢመጣ ያው ነው። ብረቱ በረዘመ ቍጥር ጋሪው አይንገዳገድም፤ በዚያው ልክ ደግሞ መታጠፍን እንቢ ይላል። የሠሪው መከራ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። የጋሪውን ምርጥ ጠባይ፣ ማለት ቀጥ ብሎ መሄዱን፣ በጥቂቱ ማበላሸት አለበት፤ ቁም ነገሩ ምን ያህል እንደሚያበላሸው ማወቁ ላይ ነው።

በድሮ ጊዜ መሪው የነጂው እግር ነበር። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራ ተረከዝን በበረዶው ላይ መጐተት፣ ሰውነትንም ወደዚያው ማዘንበል ነው። በስዊስ አገር በዳቮስ ከተማ ማርች 12 ቀን 1883 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የበረዶ ጋሪ ውድድር ተደረገ። ከዳቮስ ወደ ክሎስተርስ በሚወርደው 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች በ9 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ እኩል አንደኛ ወጡ፤ አንደኛው ጆርጅ ሮበርትሰን የሚባል ከአውስትራልያ የመጣ ተማሪ፣ ሁለተኛው ፒተር ሚንሽ የሚባል የክሎስተርስ ፖስተኛ ነበሩ። ተማሪ ከአገሩ ፖስተኛ ጋር እኩል መግባቱ ለእኛ ወገን ትንሽ ኩራት ነው። አካፍለን ብናየው ፍጥነታቸው በአማካይ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። በዚህ ፍጥነት እግር መሪ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እግሩ በጐተተ ቍጥር ፍጥነቱን ይበላል፣ ቍርጭምጭሚትንም አደጋ ላይ ይጥላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይዘገያል።

ሁለተኛው ዘዴ የኩሽኔታውን ጋሪ ብልኀት ወደ በረዶ ማምጣት ነው። ሁለት አጫጭር ጋሪዎችን ከፊትና ከኋላ አድርጎ በረጅም ሳንቃ ማያያዝ፤ የኋላውን አጥብቆ ማሰር፣ የፊቱን ግን በአንድ ብሎን ላይ እንዲዞር መተው። ከ1924 የሻሞኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ በክረምት ኦሊምፒክ የሚታወቀው ቦብስሌይ የዚህ ዘር ነው፤ ነጂው ገመድ እየሳበ የፊቶቹን ብረቶች ያዞራል፣ የኋላዎቹ ይከተላሉ። የፊቶቹ ብረቶች አጭር ስለ ሆኑ መዞሩ አያስቸግራቸውም። ጕዳቱ ግን በሳንቃው ላይ አራትም አምስትም ሰው ስለሚጫን የሁሉ ሕይወት በአንድ ብሎንና በአንድ ነጂ እጅ መውደቁ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሌኖክስ ከተማ፣ በ1904 እንዲህ ባለ ድርብ ጋሪ ቁልቁል ይወርዱ የነበሩ ወጣቶች ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭተው አንዲቱ ልጅ ሞታለች፤ ሌሎቹም ተጐድተዋል። በዚያች ከተማ ትኖር የነበረችው ደራሲ ኤዲት ዋርተን በ1911 ባሳተመችው «ኢታን ፍሮም» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የበረዶ ጋሪና አንድ ትልቅ ዛፍ ምን እንዳደረጉ፣ መጽሐፉን ያላነበባችሁ ሄዳችሁ አንብቡት። እኔ መጨረሻውን ብናገር የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ይጣሉኛል።

ሦስተኛው ዘዴ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። ሳሙኤል ሊድስ አለን በፊላደልፊያ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ነበረው፤ «ፕላኔት ጁኒየር» የሚባለው የዘር መዝሪያና መኰትኰቻ የእርሱ ነው። የእርሻ መሣሪያ ገበያው ወቅት ጠባቂ ስለ ሆነ ሠራተኞቹን ዓመቱን ሙሉ የሚያሠራ ሌላ ዕቃ ይፈልግ ነበር። ከዚያም በ1889 «ፍሌክሲብል ፍላየር» ለተባለው ጋሪ የፈጠራ መብት አገኘ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ብረቶቹን በብሎን ላይ ከማዞር ይልቅ ራሳቸው ብረቶቹ ይጕበጡ። ከፊት ያለው አግዳሚ ዘንግ በእጅ ሲሳብ ወይም በእግር ሲገፋ የሁለቱን ብረቶች አፍንጫ አንድ ላይ ወደ ጎን ይወስዳል፤ ብረቶቹም እንደ ቀስት ይለመጣሉ። ከዚህ በኋላ የሚያወጡት ቦይ ራሱ ኩርባ ነው፤ ጋሪውም ያንኑ ሐዲዱን ተከትሎ ይታጠፋል። በረዶውን ወደ ጎን የሚጠርግ ነገር ስለሌለ ፍጥነቱም ብዙ አይባክንም።

«ልጅ ተኝቶበት የማይጐብጥ ብረት እንዴት በልጅ እጅ ይጐብጣል?» የሚል ቢኖር ከደብተሩ አጠገብ ያለውን ማስመሪያ ያንሣ። ጠፍጣፋውን አጋድሞ ቢጫነው ይለመጣል፤ በጠርዙ አቁሞ ቢጫነው ንቅንቅ አይልም። ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በጠርዙ ብናቆም ከላይ ለሚመጣው ሸክም ያለው ጥንካሬ ከጎን ለሚመጣው ካለው 25 እጥፍ ነው፤ የቁመቱና የውፍረቱ ንጽጽር 5 ለ 1 ስለ ሆነ፣ 5 በ5 ሲባዛ ማለት ነው። አለን የተጠቀመበት ብረት በእንግሊዝኛው የቲ ፊደል ቅርጽ የተሠራ ስለ ነበረ ስሌቱ ትንሽ ይለያል፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንግባ፤ ይኸን ክፍል መዝለል የሚፈልግ ቢኖር አልቀየመውም፣ ነገር ግን የጽሑፉ ፍሬ እዚህ ነው። ቁልቁለቱ 10 ዲግሪ ይሁን፤ የብረትና የበረዶ ፍትጊያ እንደ በረዶው ዓይነት ቢለያይም ለስሌታችን 0.05 እንበለው። (ብረት በበረዶ ላይ ይህን ያህል የሚንሸራተተው ፍትጊያው በሚፈጥረው ሙቀት ስስ የውሃ ሽፋን ስለሚወጣ መሆኑን በ1939 ባውደንና ሂውዝ የተባሉት ሊቃውንት በሙከራ አሳይተዋል።) በነዚህ ቍጥሮች የጋሪው ፍጥነት በየሴኮንዱ በ1.2 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል፤ የአየሩን ግፊት ትተን 50 ሜትር ከወረደ በኋላ 11 ሜትር በሴኮንድ፣ ማለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይኸ ሁሉ በ9 ሴኮንድ ውስጥ ነው።

በዚህ ፍጥነት ምን ያህል መታጠፍ ይቻላል? ብረቶቹ በ30 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ልጁ በሆዱ ተኝቶ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጋሪው የሚገለበጠው ወደ ጎን የሚገፋው ኀይል ከክብደቱ 15 ለ25፣ ማለት 0.6 እጅ ሲያልፍ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ ይኸ የሚሆነው የኩርባው ሬዲየስ ከ21 ሜትር ገደማ ሲያንስ ነው። እንግዲህ አንድ ሜትር የሚረዝም ብረት የ21 ሜትር ሬዲየስ ቅስት እንዲሆን ምን ያህል ይጕበጥ? የርዝመቱን ካሬ ለሬዲየሱ ስምንት እጥፍ ብናካፍል ከአውታሩ እስከ ቅስቱ መካከል ያለው ርቀት 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ስድስት ሚሊ ሜትር! የእርሳስ ውፍረት እንኳ አይሞላም። ብረቱ ከኋላው ጫፍ ተይዞ በእኩል ቢለመጥ አፍንጫው ወደ ጎን የሚሄደው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ልጁ ተኝቶ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ከሆነ የክብደቱ ማዕከል ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል የሚፈቀደው ኩርባ ወደ 37 ሜትር ሬዲየስ ይሰፋል፤ ጕብጠቱም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል።

ከዚህ ላይ ንድፉ ከባድ ፈተና ይገጥመዋል። ዝግ ብሎ ለሚሄድ ጋሪ፣ ለምሳሌ በጓሮ ውስጥ በዛፎች መካከል ለሚያልፍ፣ 21 ሜትር ሬዲየስ ምንም አይጠቅመውም፤ ቢያንስ 8 ሜትር ያስፈልገዋል። ለዚህም ብረቱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር መጕበጥ፣ አፍንጫውም ወደ 6 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ነገር ግን ይኸንኑ መሪ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ልጅ ደንግጦ እስከ መጨረሻው ቢስበው ተኝቶም ቢሆን ይገለበጣል፤ ቁጭ ያለው ደግሞ ገና በ18 ኪሎ ሜትር ይገለበጣል። የደነገጠ ሰው መሪ የሚስበው በልክ አይደለም። ስለዚህ የመሪው ዘንግ የትም እንዲሄድ መተው ስሕተት ነው፤ በግራና በቀኝ የሚገታው ማቆሚያ ያስፈልገዋል። የት ላይ ይቁም ለሚለው እኔ ብጠየቅ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ አቆመዋለሁ። በዚህ ልክ ጋሪው እስከ 12 ሜትር ተኩል ሬዲየስ ይታጠፋል፤ የተኛውን ልጅ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ይታገሠዋል። በጠባብ ጓሮ መንዳት የሚፈልግ ልጅ ያማርረኛል፤ ያማርር። ይልቅስ የብረቶቹን መራራቅ ከ30 ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ማስፋት ብዙ ይረዳል፤ 0.6 የነበረው 0.8 ይሆናልና። ጭልጥ ያለ አዲስ በረዶ ላይ ከሆነ ጋሪው ከመገልበጡ በፊት ወደ ጎን ተንሸራቶ ራሱን ያድናል። አስጊው ቀን ላይ ቀልጦ ሌሊት የረጋው ጠንካራ በረዶ ነው፤ ብረቱን እንደ መንጋጋ ይይዘዋል።

ሉዥ የሚባለው የውድድር ጋሪ ይኸን የመለመጥ ሐሳብ እስከ ዳር አድርሶታል። ነጂው በጀርባው ተጋድሞ እግሩን ወደ ፊት ይሰጥና ወደ ላይ የተቈለመሙትን የብረቶች መያዣ በባቱ ይጫናል፤ ቀኙን ወደ ውስጥ ቢጫን ጋሪው ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ትከሻም ያግዛል። በኢንስብሩክ በ1964 ኦሊምፒክ ውስጥ ሲገባ፣ ጨዋታው ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አንድ የእንግሊዝ ተወዳዳሪ በልምምድ ላይ ሞተ። በ2010 ደግሞ በካናዳ በዊስለር፣ የቫንኩቨር ኦሊምፒክ በሚከፈትበት ቀን አንድ የጆርጂያ ወጣት በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄደ በልምምድ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ከብረት ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ሞቷል። እነዚህ መሪውን ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ፍሬን። የአለን ጋሪ ፍሬን አልነበረውም፤ የእግር ጣት ነበረው። ያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የደረሰ ጋሪያችን ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳ ላይ ሲገባ፣ በዚያው 0.05 ፍትጊያ ብቻ እስኪቆም ድረስ 120 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። 50 ሜትር የወረደ ልጅ 120 ሜትር ባዶ ሜዳ ይፈልጋል ማለት ነው። በተኛበት ሆኖ የሚነዳ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርሰው ራሱ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ሐኪሞች ልጆች እግራቸውን ወደ ፊት አድርገው ቁጭ ብለው እንዲወርዱ ይመክራሉ። ይኸ ምክር ልጁን ከተኛው ይልቅ ቶሎ የሚገለበጥ ያደርገዋል፤ ቢሆንም ተገልብጦ በበረዶ ላይ መንከባለል ምሰሶን በግንባር ከመግጨት እጅግ ይሻላል። እንግዲህ የቁጭታውን ቦታ ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ፣ ብረቶቹን ማራራቅ፣ የመሪውን ማቆሚያ ማጥበቅ፣ ከኋላም ሁለት ጥርስ ያለው የፍሬን ብረት በማጠፊያ ላይ አድርጎ በእጅ ሲሳብ በረዶውን እንዲቧጭር ማድረግ ነው። ጥርሶቹ በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ በትክክል እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ቀድሞ ከነከሰ ፍሬኑ ራሱ መሪ ይሆናል፣ ያውም ነጂው ወዳልፈለገበት ወገን።